ጐታው፣ ሶፋውና የባህል ጥጉ፤ በምዕራብ ጐጃም የቤት ውስጥ አደረጃጀት ላይ የቀረበ ሂስ

የቤትን ውስጥ ባለቤቱንና አገሩን እንዲመስል አድርጎ እንደገና ማሰናዳት በኢትዮጵያ ከተሞች እየተስፋፋ የመጣ አሳብ ነው። አሳቡ በጎ ነው፤ አፈጻጸሙ ግን ጥያቄ ያስነሣል። በአዲስ አበባም ሆነ በባሕር ዳር፣ ከዚያም አልፎ በፍኖተ ሰላምና በቡሬ፣ አዲስ ቤት የሠራ ሰው ሳሎኑን ‹‹ባህላዊ›› ለማድረግ ሲያስብ የሚያደርገው በአብዛኛው አንድ ዐይነት ነው። ሰፌድ በግድግዳ ላይ ይሰቅላል፤ መሶብ በጥግ ያቆማል፤ ጀበናና ሲኒ በረከቦት ላይ ይደረድራል፤ አንዳንዱም ቀንበር ከበሩ በላይ ያጋድማል። እንግዳ ገብቶ ሲያይ ‹‹የአገር ቤት ይመስላል›› ይላል። የአገር ቤት ግን ይህን አይመስልም። በጃቢ ጠህናን ወይም በወንበርማ ገጠር ሰፌድ ከግድግዳ የሚሰቀለው እህል ተበጥሮበት ካበቃ በኋላ እንዳይረገጥ ነው፤ በማግሥቱ ደግሞ ይወርዳል። የማይወርድ ሰፌድ ሰፌድነቱ ቀርቷል።

የሚከተለው ሂስ የሚያነሣው ነጥብ ይኸው ነው፤ ቤት ባለቤቱን የሚመስለው በውስጡ በተቀመጠው ዕቃ ሳይሆን ዕቃውን በዚያ ቦታ ያስቀመጠው እጅ የማን እንደ ሆነና ለየትኛው ሥራ እንዳስቀመጠው በመታወቁ ነው። ከዚህ አንጻር ሲታይ በምዕራብ ጐጃም የቤት ውስጥ ታሪክ ዋናው ለውጥ የሣር ክዳን በቆርቆሮ መተካቱ አይደለም። ዋናው ለውጥ ሴቲቱ የቤቱን ውስጥ መሥራት ትታ የተሠራውን ማጽዳት መጀመርዋ ነው።

የገጠሩ ቤት የሁለት ወገን ሥራ ነው። ወንዱ ከጎረቤቶቹ ጋር በደቦ ሆኖ ምሰሶውን ያቆማል፤ የግድግዳውን እንጨት ይተክላል፤ ማገሩን ያስራል፤ ጣሪያውን አዋቅሮ በሣር ይከድናል። በዚያ ደረጃ ቤቱ ቆመ ይባላል እንጂ ገና ውስጥ የለውም። በመጀመሪያው ምርግ ወንዶችም ይረዳሉ፤ ከዚያ በኋላ ያለው ግን የሴቲቱ ነው። ጭቃውን ከጭድ ጋር ታቦካለች፤ ምርጉ ሲደርቅ ትለስናለች፤ መደቡን ከግድግዳው ጋር አያይዛ ትሠራለች፤ ምድጃውን ታበጃለች፤ ወለሉን በእበት ትለቀልቃለች። መለቅለቁ አንድ ጊዜ ተሠርቶ የሚያልቅ አይደለም፤ በዓል በመጣ ቍጥር፣ እንግዳ ይመጣል በተባለ ቍጥር ይታደሳል። ቤቱን በየዓመቱ እንደገና የምታሰናዳው እርስዋ ናት ማለት ነው። የከተማው ባለሙያ ‹‹እንደገና ማሰናዳት›› ብሎ እንደ አዲስ ነገር የሚያቀርበው ሥራ በገጠር የዓመት ሥርዓት ነበር፤ አሁንም በብዙ ቦታ ነው።

ከዚህ ሁሉ የእጅ ሥራ ውስጥ ከፍተኛው ጐታው ነው። ጐታ ሸክላ ሠሪ ሠርታ በእሳት የምትተኵሰው ዕቃ አይደለም። ከጭቃ፣ ከጭድና ከእበት ተለውሶ ዙር በዙር የሚነሣ ሲሆን የታችኛው ዙር ሳይጠነክር የላይኛው አይጨመርበትም፤ ስለዚህ አንዱን ለማቆም ብዙ ቀን ይፈጃል። ትልቅ የሆነው ጐታ በቤቱ ውስጥ ተሠርቶ በዚያው ይቀራል፤ በበሩ ሊወጣ አይችልም። ጐታዎቹ በተርታ ሲቆሙ ጓዳውን ከፊተኛው ቤት ይለያሉ። የእህሉ ማስቀመጫ ራሱ ግድግዳ ሆነ ማለት ነው። በመደቡ ላይ የተቀመጠው እንግዳ ጐታውን ያያል፤ በውስጡ ምን ያህል እህል እንዳለ ግን አያይም። ሰኔና ሐምሌ ሲገባ፣ ያለፈው አዝመራ ሊያልቅ ሲል፣ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። አማርኛ ‹‹ጓዳው ጎደለ›› ሲል የሚናገረው ከዚህ መጋረጃ በስተኋላ ስላለው ነው፤ የቤት ገመና የሚባለውም መጀመሪያ የእህል ልክ ነው። ጐታው እንግዲህ በአንድ ጊዜ የእህል ዕቃ፣ የክፍል መለያና የባለቤቲቱ ክብር መጠበቂያ ነበር። ከእነዚህ ሦስት ሥራዎች አንዱንም የማይሠራ ትንሽ የጐታ ቅርጽ በሆቴል መግቢያ ተሠርቶ አበባ ሲተከልበት የተረፈው መልኩ ብቻ ነው።

እዚህ ላይ በቸልታ የማይታለፍ ልዩነት አለ። ጥሬው ጭቃ የማንኛዋም ባለቤት ሥራ ሲሆን የተተኰሰው ሸክላ፣ ማለትም ጋኑ፣ እንስራው፣ ምጣዱና ጀበናው፣ ከሸክላ ሠሪዎች ገበያ የሚመጣ ነው። እነዚህ ሠሪዎች በሰሜኑ ደጋ ሁሉ ለብዙ ዘመን ሲናቁ የኖሩ ናቸው፤ ‹‹ቡዳ›› ተብለዋል፤ ከእነርሱ ጋር መጋባት ተከልክሏል፤ ርስትም አልነበራቸውም ማለት ይቻላል። ዛሬ ጀበናው የባህል ምልክት ሆኖ በሳሎን ጥግ፣ በሆቴል በርና በከተማ አደባባይ ሲቆም የሠሪዋ ስም አብሮ አይነሣም። ‹‹የእኛ ባህል›› የሚለው አነጋገር ዕቃውን ተቀብሎ ሠሪውን የሚያስቀርበት ሁኔታ እንዳለ ማየት ለሂስ ተገቢ ነው።

ይህ ሲባል የሣሩን ቤት ለማወደስ አይደለም። የምድጃው ጢስ ክዳኑን ከነፍሳት ይጠብቅለታል፤ የባለቤቲቱን ዐይንና ሳንባ ግን ያጠፋል። በብዙ ቤት ጥጃውና በቅሎው ከሰው ጋር በአንድ ጣሪያ ሥር ያድራሉ። አቀማመጡም የእኩልነት አይደለም፤ ከመደቡ የተሻለው ስፍራ፣ ቍርበት ወይም አጎዛ የተነጠፈበት፣ ለነፍስ አባትና ለሽማግሌ የተለየ ነው፤ ሴቶችና ልጆች ወደ ምድጃው ይጠጋሉ። ሠሪዋ በሠራችው መደብ ላይ የመቀመጥ ዕድልዋ ጥቂት ነበር። በዚህ ቤት ውስጥ ኖሮ የማያውቅ ሰው ብቻ ነው እንከን የለውም የሚለው።

ወደ ከተማው ሲመጣ ነገሩ ይለወጣል። ፍኖተ ሰላም ቀድሞ ወጀት ትባል ነበር፤ የአሁኑን ስም የሰጧት ንጉሠ ነገሥት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ናቸው። ቡሬ ደግሞ ወደ ባሕር ዳር የሚወስደው አውራ ጎዳና ወደ ነቀምት ከሚሄደው የሚለይባት የገበያ ከተማ ናት። ሁለቱም በመንገድ ላይ ያደጉ ናቸው፤ ቤታቸውም ፊቱን ወደ መንገድ አዙሮ ተሠርቷል። (በአካባቢያቸው ያለችውን ማንኩሳን በ1958 ዓ.ም. የታተመውን የሐዲስ ዓለማየሁን ‹‹ፍቅር እስከ መቃብር›› ያነበበ ሁሉ ያስታውሳታል፤ የውድነሽ በጣሙና የቦጋለ መብራቱ ቤት በዚያ ነው።) ቆርቆሮ ሲገባ ክብ የነበረው ቤት አራት ማዕዘን ሆነ፤ መካከለኛው ምሰሶ ቀረ፤ ከምድጃው በላይ የነበረው ቈጥም ቀረ። ቆርቆሮው በፀሐይ ስለሚግልና በዝናብ ጊዜ ስለሚጮህ ከሥሩ አቡጀዴ ተወጠረ፤ አቅም ያለው ኮርኒስ አሠራ፤ አቅም የሌለው የማዳበሪያ ከረጢት ሰፍቶ ወጠረ። ሳሎን፣ ቡፌ፣ ኮመዲኖና ኮርኒስ የሚሉት ቃላት ከአውሮጳ ቋንቋዎች ከዕቃዎቹ ጋር አብረው መጡ። ጓዳ የሚለው ቃል ብቻ ተተኪ አላገኘም፤ ቦታው ግን ጠበበ።

የከረጢቱ ነገር ከተነሣ ዘንድ ጥቂት መቆየት ያስፈልጋል። ጐታውን ከቤት ያስወጣው ሥልጣኔ የሚባል ረቂቅ ነገር ሳይሆን ይህ ከረጢት ነው። አካባቢው የበቆሎ፣ የጤፍ፣ የዳጉሳና የበርበሬ አገር ነው። ፋብሪካ ሠራሹ ማዳበሪያ ወደ ገበሬው ሲደርስ የመጣበት የፕላስቲክ ከረጢት በቤት ቀረ፤ ስሙም ‹‹ማዳበሪያ›› ሆኖ ቀረ። እህል በእርሱ ይገባል፤ በርበሬ በእርሱ ይታሰራል፤ ገበያ በእርሱ ይወጣል። ከረጢት ይቈጠራል፤ ይጫናል፤ ይሸጣል። ጐታ ግን አይቈጠርም፤ አይጫንም። እህሉ የቤት ቀለብ መሆኑ እየቀነሰ የገበያ ሸቀጥ መሆኑ ሲጨምር ዕቃውም አብሮ ተለወጠ። ነቀዝን በመከላከልም ቢሆን አየር የማያስገባው ባለ ሦስት ድርብ ከረጢት ከጭቃው ጐታ እንደሚበልጥ የታወቀ ነው፤ ስለዚህ ገበሬው ተሳስቷል የሚያሰኝ ነገር የለም። ነገር ግን ጐታው ደብቆት የነበረውን ከረጢቱ ገለጠው። በፍኖተ ሰላም ባለ ብዙ ቤት፣ ከአዝመራ በኋላ፣ ከገጠር ዘመድ ወይም ከእርሻ ቦታ የመጣው እህል ከሶፋው በስተኋላ ይደረደራል፤ መጋረጃ ይጋረድበታል። ቤቱ የተሠራው እህል የሌለው ሰው ይኖርበታል ተብሎ ስለሆነ ለእህሉ ቦታ አልተተወለትም። የባለቤቱን ኑሮ የሚመስል ሳሎን ማሰናዳት የሚፈልግ ባለሙያ ሊጠይቅ የሚገባው የመጀመሪያው ጥያቄ ይህ ነበር፤ ስለ ሰፌዱ ስቅለት ከማሰብ በፊት።

ሁለተኛው ጥያቄ የመቀመጫው ነው። መደብ ቍጥር የለውም። አምስት ሰው ቢመጣ አምስት ይቀመጥበታል፤ ዘጠኝ ቢመጣ ተጠጋግቶ ይቀመጥበታል። ሶፋ ግን በቍጥር ይሸጣል፤ ባለ ሦስት፣ ባለ ሁለት፣ ባለ አንድ እየተባለ። የሶፋው ቍጥር የታሰበው ለትንሽ ቤተሰብና ለጥቂት እንግዳ ነው። የፍኖተ ሰላም ወይም የቡሬ ባለቤት ግን በወሩ የማኅበር ጽዋ ተራ ይደርሰዋል፤ ሐዘን ሲደርስበት ጎረቤት ሁሉ ይገባለታል፤ ክርስትና ያነሣል። በእነዚያ ቀናት ሶፋው ተገፍቶ ወደ መኝታ ክፍል ይገባል ወይም ወደ ውጭ ይወጣል፤ በምትኩ ከእድር አግዳሚ ወንበር ይመጣል። ለታላቅ ድግስ በገጠርም ዳስ ይጣል ስለነበር መደቡ ሁሉን ይችል ነበር ማለት አይደለም። ቢሆንም በባለቤቱ ሕይወት ውስጥ ከፍ ያለ ዋጋ ያለው ቀን ሲመጣ ዕቃው ከቤት የሚወጣ ከሆነ፣ ያ ዕቃ የማንን ሕይወት መስሎ እንደ ተቀመጠ መጠየቅ ግድ ይሆናል። በአንጻሩ በብዙ አዲስ ቤት በረንዳ ላይ ግድግዳውን ተከትሎ ከሲሚንቶ የሚሠራው ዝቅተኛ መቀመጫ አለ። ቍጥር የለውም፤ አላፊ አግዳሚው ያርፍበታል፤ በርበሬ ይሰጣበታል። የመደብ እውነተኛ ልጅ እርሱ ነው፤ ‹‹ባህላዊ›› ብሎ የጠራው ግን አንድም ሰው የለም።

የከተማው ሳሎን በሁሉም ነገር ባዶ ነው ማለትም ስሕተት ይሆናል። በግድግዳው ላይ ከሥዕለ ማርያም በታች የልጆቹ የምረቃ ፎቶግራፍ፣ ካባ ለብሰው ቆብ ደፍተው የተነሡት፣ በተርታ ተሰቅሏል። በአጠገቡ የሰርግ ፎቶግራፍ፣ ከዚያም ባሕር ማዶ የሄደው ልጅ የላከው አለ። ይህ ግድግዳ የዚያን ቤት ታሪክ ከቀንበሩ ይልቅ በትክክል ይናገራል፤ ምክንያቱም ቤተሰቡ የደከመበትና የሚኮራበት ነገር ይኸው ነው። ቡፌው፣ ቴሌቪዥኑና ሶፋው ደግሞ ዳንቴል ለብሰዋል። የቤት አስጊያጭ ባለሙያዎች ዳንቴልን ጊዜ ያለፈበት፣ የበዛ፣ ዐይን የሚያደክም አድርገው ይቈጥሩታል፤ ቤት ሲያሰናዱም መጀመሪያ የሚያነሡት እርሱን ነው። ነገር ግን ዳንቴል በዚያ ክፍል ውስጥ ካለው ሁሉ ባለቤቲቱ በእጅዋ የሠራችው ብቸኛው ነገር ነው። ከስንደዶና ከአክርማ መሶብ የሰፋች፣ በአለላ ያስጌጠች፣ ጐታ ያቆመች እጅ ከተማ ገብታ ሥራ ስታጣ ወደ ክር ዞረች። ከአናጢ ቤት የመጣውን ቡፌ በእጅዋ ሥራ ሸፍና የራስዋ አደረገችው። ባለሙያው ዳንቴሉን አንሥቶ ከገበያ የተገዛ መሶብ ሲያቆም የእርስዋን እጅ አስወጥቶ የማታውቃትን የሌላ ሴት እጅ አስገባ። ይህንን ደግሞ ወደ ባህል መመለስ ብሎ ይጠራዋል።

የቤቱ ባለቤትነት ጉዳይም አለ። ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቍጥር 47/1967 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ሲሆን ኪራያቸው ዝቅተኛ የሆነው ቤቶች በቀበሌ እጅ ገቡ። በቀበሌ ቤት የሚኖር ሰው ግድግዳውን ማፍረስ፣ በር ማዞር፣ ጓዳ መጨመር በፈቃዱ አይችልም። የቀረለት ወረቀት መለጠፍ፣ መጋረጃ መስቀልና ዳንቴል መዘርጋት ነበር። ለብዙ ዓመታት የከተማው ሳሎን በተንቀሳቃሽ ነገር ብቻ ያጌጠበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው፤ የጣዕም ማነስ አይደለም።

የባህል ጥጉ አሠራር ከሙዚየም የተቀዳ ይመስላል፤ ሙዚየሙ ግን ከጥጉ ይልቅ ታማኝ ነው። በ1955 ዓ.ም. የተመሠረተው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም በቀድሞው ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ባለው ሙዚየሙ የሕዝቡን ዕቃ ያሳየው በሰው የዕድሜ ጉዞ ተራ፣ ከልደት እስከ ሞት አደራጅቶ ነው። ዕቃው ከቤቱ መውጣቱን አይደብቅም፤ የት እንደ ነበረና ምን ይሠራበት እንደ ነበር በጽሑፍ ይናገራል። በዚያው ሕንጻ የንጉሠ ነገሥቱ መኝታ ክፍል እንደ ክፍል ይታያል፤ አልጋው በአልጋነቱ፣ መታጠቢያው በመታጠቢያነቱ። በሳሎን ጥግ የቆመው መሶብ ግን ጽሑፍ የለውም፤ እንጀራም የለውም። እንጀራው በማቀዝቀዣው ላይ በፕላስቲክ ዕቃ ተከድኖ ነው ያለው።

አገርን የሚመስል ቤት ማሰናዳት ከኢትዮጵያ ውጭም የተሞከረ ነው፤ ከሁሉ የታወቀው የግብጻዊው የሐሰን ፈትሒ ሥራ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1945 ጀምሮ በሉክሶር አጠገብ አዲስ የጉርና መንደርን በጭቃ ጡብ፣ በቅስትና በጉልላት መሥራት ያዘ። ፈትሒ ጭቃን ከድህነት ምልክትነት ወደ ክብር ያወጣ፣ የገበሬውን ኑሮ ቀርቦ ያጠና ሰው ነበር። የጉርና ሰዎች ግን በብዛት ወደ አዲሱ መንደር አልገቡም፤ በጥንታዊ መቃብሮች ላይ ካለው ሰፈራቸውና ከመተዳደሪያቸው የሚያርቃቸው ሆኖ አገኙት፤ መንደሩም ሳያልቅ ቀረ። ከዚህ የሚወሰደው ጭቃው መጥፎ ነበር ወይም ሰውየው ተሳሳተ የሚለው አይደለም። እጅግ የተዋበና አገሩን የመሰለ ቤት እንኳ የነዋሪውን እንጀራ ከቦታው ሲለይ የሌላ ሰው ቤት ሆኖ እንደሚቀር ነው። ከፈትሒ ጋር ሲነጻጸር የባህል ጥጉ እጅግ ትንሽ ሥራ ነው፤ የገበሬውን ቤት አላጠናም፤ ዕቃውን ብቻ ገዛ።

ነገሩ ሁሉ ተጠቃልሎ የሚታየው በምግብ ማብሰያው ቦታ ነው። በአዲስ አበባ ከ1997 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ የተሠሩት የጋራ መኖሪያ ቤቶች ለእያንዳንዱ ቤት ትንሽ ማድ ቤት ሲሰጡ፣ እንጀራ መጋገር፣ በርበሬ መደለዝና በግ ማረድ በዚያ እንደማይቻል የታወቀ ስለሆነ ለግቢው የጋራ ማብሰያ ቤት ጨምረዋል። የጋራ ቤቱ ምቹ ይሁን አይሁን ሌላ ጉዳይ ሆኖ፣ አሠሪዎቹ ቢያንስ ጥያቄውን ጠይቀዋል። በፍኖተ ሰላምና በቡሬ የሚነሡት የግል ቤቶች ግን ቦታ እያላቸው አልጠየቁም። ከፊት በወለል ንጣፍ፣ በኮርኒስና በመስታወት ያማረ ቤት ይቆማል፤ በዕቅዱ ላይ ‹‹ማድ ቤት›› የተባለው ክፍል ሻይ ይፈላበታል። እንጀራው የሚጋገረው፣ ጠላው የሚጠመቀው፣ በርበሬው የሚታሸው በጓሮ በቆርቆሮ በተከለለ መጠለያ ነው። ባለቤቲቱ ወይም የቤት ሠራተኛዋ የቀኑን እኩሌታ የምታሳልፈው በዚያ ሲሆን፣ የባህል ጥግም ሆነ ኮርኒስ ለዚያ ስፍራ ታስቦለት አያውቅም። ጓዳው ከቤት ወጥቶ ጓሮ ሆኗል።

በዚያ መጠለያ ውስጥ በብዙ ግቢ ‹‹ምርጥ›› የሚባለው ምድጃ ተተክሎ ይገኛል፤ ከሲሚንቶና ከቀላል የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ደቃቅ በቅርጽ እየተጣለ የሚሸጥ፣ ምጣዱን ዙሪያውን ከልሎ ከሦስት ጉልቻ ይልቅ ማገዶ የሚቈጥብ ነው። ከገበያ ሲመጣ ክፍልፋይ ነው። የምትጋግረዋ ሴት ገጣጥማ ታቆመዋለች፤ ክፍተቱን በጭቃ ትመርጋለች፤ በጎኑ ሊጡን የምታስቀምጥበት፣ ሰፌዱን የምታሳርፍበት ዝቅተኛ መደብ በጭቃና በጭድ አያይዛ ትሠራለች፤ ሲደርቅም በእበት ትለቀልቀዋለች።